ማን ተረከበው?

በሆስፒታል መዝገብ የአንድ ተኝቶ ታካሚ ገጽ በአራት መንገድ ይዘጋል፦ ተሽሎት ሲወጣ፣ ወደ ሌላ ተቋም ሲላክ፣ በራሱ ፈቃድ ጥሎ ሲሄድ፣ ሲሞት። ከአራቱ ሦስቱ ሰውየው በሕይወት እያለ የሚዘጉ ናቸው። እነዚያ ሦስቱ መዘጋት ይገባቸዋል ወይ? አይገባቸውም ባይ ነኝ፤ ስም ያለው ሌላ ባለሙያ «ተረክቤዋለሁ» ብሎ መልስ እስኪሰጥ ድረስ ክፍት ሆነው መቆየት አለባቸው። ይህን ስል ለሐኪሞች ርኅራኄን መስበኬ አይደለም። ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ሲሮጡ የሚያነጉ ነርሶች ባሉበት አገር ርኅራኄ ጠፋ ማለት ግፍ ነው። ጎደለ የምለው ርክክብ ነው። ታማሚው ከሆስፒታሉ እጅ ወጥቶ ጤና ጣቢያው እጅ ሳይገባ የሚቆይበት ጊዜ አለ፤ በዚያ ጊዜ ማንም አይጠየቅበትም፣ ቢሞት እንኳ ሞቱ በላኪውም በተቀባዩም መዝገብ ሳይሰፍር ሊቀር ይችላል።

ነገሩን በቦታው እንየው። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ጠዳንና ማክሰኚትን አልፎ፣ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ እንፍራንዝ ይገኛል። አጠገቡ ካለው ኮረብታ ላይ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራው የዐፄ ሠርጸ ድንግል የጉዛራ ግንብ ወደ ጣና የሚወርደውን ሜዳ ቁልቁል ያያል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለእንፍራንዝ ከተማ ሰው ያን ያህል ሩቅ አይደለም፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ በጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል። ከአስፋልቱ በስተ ምሥራቅ ተራራውን ይዞ፣ ወይም በስተ ምዕራብ በክረምት ጭቃው የሚይዘውን ሜዳ አቋርጦ ለሚገባው ሰው ግን ከመኪና ከወረደ በኋላ ገና የእግር መንገድ ይቀረዋል። ሆዱ አዲስ የተሰፋ፣ እግሩ በጀሶ የታሰረ፣ ገና ራሷን ያልቻለች ወላድ፣ ሁሉም የሚወርዱት እዚህ ነው። በእጃቸው ያለው በፌስታል የተጠቀለለ የመውጫ ወረቀት፣ የጥቂት ሳምንት መድኃኒትና የቀጠሮ ካርድ ነው። ወረቀቱ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ለባለሙያ ስለሚጻፍ ነው ይባላል፤ እውነት ነው። ባለሙያው ዘንድ የሚያደርሰው ግን ታማሚው ወይም አስታማሚው ነው፣ እነሱም ምን እንደተሸከሙ አያውቁም። ታማሚው ተሽሎኛል ብሎ ጤና ጣቢያ ካልሄደ፣ ወይም ሄዶ ነርሷ «ወረቀት አለህ?» ሳትለው ከቀረች፣ ሆስፒታሉ ስለዚያ ሰው ያወቀው ሁሉ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል።

አገሪቱ የጤና አገልግሎቷን በእርከን አዋቅራለች። በገጠር አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000፣ አንድ ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000፣ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ እንዲያገለግል ተወስኗል፤ ከዚያ በላይ ጠቅላላ ሆስፒታል፣ ከሁሉ በላይ ስፔሻላይዝድ። የዚህ አደረጃጀት ሐሳብ የተጨነቀው ስለ ወደ ላይ መላክ ነው። ሰው ወደ ላይ ሲላክ አምቡላንስ ይፈለጋል፣ ሊያዞን (አገናኝ) ክፍል ይደወልለታል፣ አልጋ መኖሩ ይጠየቃል፤ የጤና መድን ያለውም የታችኛውን ተቋም ሪፈር ካልያዘ ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። ወደ ታች ሲመለስ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚደውል የለም። መመሪያ ሳይኖር ቀርቶ አይደለም፤ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው የሪፈራል መመሪያ ወደ ላኪው የሚመለስ መልስ እንዲኖር ይጠይቃል። ጤና ኬላዋም ለየቤቱ የቤተሰብ ማኅደር ትይዛለች። ሆኖም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጎረቤቷ ሆስፒታል ተኝቶ መውጣቱን የምትሰማው እንደማንኛውም ሰው፣ ለጥየቃ ከሚሄዱት ሴቶች አፍ ነው።

የሐኪም ኃላፊነት ወሰኑ የት ነው? የተለመደው መልስ ሐኪም የሚጠየቀው በሚቆጣጠረው ነገር ነው ይላል። ግቢው ውስጥ ያለ ታማሚ በእጁ ነው፤ ከወጣ በኋላ መድኃኒቱን ይዋጥ አይዋጥ ሊያይ አይችልም፤ ስለማይችል አይጠየቅም። ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል። ይህ መልስ የሚሠራው ግን ሕክምና ግቢ ውስጥ የሚያልቅ ነገር ቢሆን ነበር። ጉሮሮውን ታምሞ የልብ ቫልቩ የተጎዳ ልጅ እንውሰድ። ሆስፒታል ተኝቶ ትንፋሹ ይመለሳል፣ እብጠቱ ይጎድላል፣ ይወጣል። ከዚያ በኋላ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ያስፈልገዋል፤ ያውም ለዓመታት። መርፌው የቆየና ርካሽ ነው። ነገር ግን የሚፈሩት ጤና ጣቢያዎች አሉ፤ ፔኒሲሊን አልፎ አልፎ ድንገተኛ አለርጂ ያስነሳል፣ ልጁ እጃቸው ላይ ቢሞት የሚጠየቁት ደግሞ እነሱ ናቸው። ስለዚህ ሆስፒታሉ «በየወሩ ይወጋ» ብሎ ሲጽፍ የሚወጋው ማን እንደሆነ ካላረጋገጠ ያዘዘው ነገር የለም። ልጁ ቫልቩ ጨርሶ ተበላሽቶ ሲመለስ «ክትትሉን አቋርጦ» ተብሎ ይጻፍበታል። ያቋረጠ የተባለው ልጅ አስቀድሞ ያልተጀመረለት ልጅ ነው።

ካላዛርም እንዲሁ ነው። ከደጋው ለአረምና ለአጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ከሚወርዱት ወጣቶች አንዳንዶቹ በአሸዋ ዝንብ ተነድፈው፣ ጣፊያቸው አብጦ፣ ሰውነታቸው ከስቶ ይመለሳሉ። ጎንደር ሆስፒታል ይህን በሽታ በማከም ስም ያለው ነው። የተለመደው ሕክምና የ17 ቀን መርፌ ነው፤ መዳኑ የሚረጋገጠው ግን ከ6 ወር በኋላ ነው። በ6 ወሩ መካከል ያ ወጣት ዳግመኛ ቆላ ወርዶ ሊሆን ይችላል። በ17ኛው ቀን «ድኗል» ተብሎ የተዘጋ ገጽ ገና ያልታወቀ ነገር እንደታወቀ አድርጎ የጻፈ ገጽ ነው። ይህ የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ደግሞ የእንፍራንዝ ጎረቤት ታውቃለች። እ.ኤ.አ. በ2005 በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ በአዲስ ዘመን ዙሪያ፣ ካላዛር ከዚያ በፊት በማይታወቅበት አገር ገብቶ ብዙ ሰው ፈጅቷል፤ መጀመሪያ መድኃኒት ያልበገረው ወባ መስሎ ነበር። ያጠኑት ሰዎች በሽታው ከቆላ በተመለሱ የቀን ሠራተኞች ሳይገባ እንዳልቀረ ገምተዋል። የተመለሰ ሰው ምን ይዞ እንደተመለሰ የሚያውቅ አንድ ነርስ በየቀበሌው ቢኖር ኖሮ ወረርሽኙ ፈጽሞ አይነሳም ነበር አልልም። ወባ ተብሎ ያለፈው ጊዜ ግን ባጠረ ነበር።

እንግዲህ ወሰኑን በቁጥጥር መለካት ትተን በጅማሬ እንለካው። አንድን ሰው ያልተቋረጠ ክትትል የሚፈልግ ሕክምና ያስጀመረ ተቋም፣ ክትትሉን ራሱ እንዲሠራ አልጠይቀውም፤ የሚሠራው ማን እንደሆነ የማወቅ ግዴታ ግን አለበት። ላሙን ለርቢ የሚሰጥ ገበሬ እንኳ ላሟን መንገድ ላይ ለቅቆ «ወደ እገሌ ቤት ሂጂ» አይላትም፤ ተቀባዩን ፊት ለፊት አግኝቶ፣ ምስክር አስቀምጦ፣ ጤንነቷን አሳይቶ ያስረክባል። የምጠይቀው ግዴታ ከዚህ አይበልጥም፦ ለተቀባዩ ጤና ጣቢያ አስቀድሞ መደወል፣ መድኃኒቱ እዚያ መኖሩን መጠየቅ፣ የሚረከበውን ባለሙያ ስም መጻፍ፣ ለቤተሰቡ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ መስጠት፣ ታማሚው መድረሱን የሚያረጋግጥ መልስ እስኪመጣ መዝገቡን አለመዝጋት።

ይህ ለጎንደር ባዕድ ሐሳብ ነው የሚል ካለ የጤና ትምህርት ቤቱን ታሪክ ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ወደ 7,000 የሚገመት ሕዝብ ጨረሰ። በቀጣዩ ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት ትብብር ሲከፈት ቀድሞ ያሠለጠነው ስፔሻሊስት ሐኪም አልነበረም። የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን አንድ ቡድን ሆነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ እንዲወርዱ ነበር ያሠለጠናቸው፤ ቆላ ድባን የመሰሉ ጣቢያዎች የሥልጠናው አካል ነበሩ። ከዚያ በኋላ ኮሌጁ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፣ ሆስፒታሉም ገዘፈ፤ ይህ መልካም ነው። ከገዘፈ በኋላም ቢሆን የቀድሞውን መንገድ ያልረሱ ሐኪሞች ነበሩበት። ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው ከእንግሊዝ ሐኪሞች ጋር ተባብረው፣ ስኳርን፣ የሚጥል በሽታን፣ ደም ግፊትንና የልብ ሕመምን የመሰሉ ሥር የሰደዱ ሕመሞች ክትትል ከሆስፒታሉ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች እንዲወርድ አድርገዋል። ነርሶች ሠለጠኑ፣ መድኃኒቱ ወደ ጣቢያው ሄደ፣ የሆስፒታሉ ሐኪም እየወረደ አብሮ ታማሚዎችን አየ። ለኢንሱሊን ሲል ከበረሃና ከተራራ ጎንደር ድረስ ይመላለስ የነበረ ገበሬ በአቅራቢያው የሚያውቀውን ነርስ አገኘ። ለእኔ ከዚህ ሥራ የሚገኘው ማስረጃ ከየትኛውም የውጭ ጥናት ይልቃል፤ እዚሁ አፈር ላይ፣ በዚሁ ድህነት ውስጥ የተሠራ ነውና። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ኢንሱሊን በእንስራ ውኃ ቅዝቃዜ ሲጠበቅ የኖረበት አገር ነው።

በአገሪቱ ሁሉ የምናውቃቸው ሁለት ሕመሞችም ይመሰክራሉ። የቲቢ ታካሚ አብዛኛውን ጊዜ ለ6 ወር መድኃኒት ይወስዳል፤ ሆስፒታል ጀምሮ ቤቱ አጠገብ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሲዛወር የማዛወሪያ ቅጽ ይጻፍለታል። መድረሱና ውጤቱ ካልታወቀ እንደዳነ አይቆጠርም፣ ያልተገመገመ ሆኖ ይመዘገባል። ቢያንስ በወረቀት ላይ፣ አላውቅም ማለትን የሚያውቅ መዝገብ ነው። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በጥር 1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ሲጀምር ደግሞ ቀጠሮ ያለፈበትን ሰው ቤቱ ድረስ ሄደው የሚፈልጉ ሰዎች ተቀጠሩ፤ ብዙዎቹ ራሳቸው ቫይረሱ በደማቸው ያለ ነበሩ። ያ ሁሉ የሆነው የውጭ ገንዘብ ስላለ ነው ይባላል። እውነትነት አለው፤ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ የአሜሪካ እርዳታ ሲቆም በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ውል ተቋርጧል። ይሁንና ገንዘቡ የገዛው የሰውን ጊዜ ነው፤ ሐሳቡ አይገዛም። ማዛወሪያ ቅጹን፣ ክፍት መዝገቡን፣ የተረካቢውን ስም ለስኳርና ለልብ ታማሚ እንዳንጽፍ የሚከለክለን የውጭ ለጋሽ የለም።

የሚከብደው ተቃውሞ ከሌላ ወገን ይመጣል፦ ይህ ነገር በበለጸጉት አገሮች እንኳ ሁልጊዜ አልሠራም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ትልቅ ጥናት በመንግሥት የጤና መድን ተኝተው ከታከሙት አረጋውያን ከአምስቱ አንዱ ያህል በ30 ቀን ውስጥ ተመልሶ እንደሚተኛ አሳየ። የነርስ ተመራማሪዋ ሜሪ ኔይለር እና ሐኪሙ ኤሪክ ኮልማን በየበኩላቸው፣ ከሆስፒታል እስከ ቤት የሚከተል አንድ ሰው ሲኖር ይህ መመላለስ እንደሚቀንስ በሙከራ አረጋግጠዋል። በአንጻሩ በኒው ጀርሲዋ ካምደን ከተማ፣ እጅግ የተቸገሩ ታማሚዎችን እየተከተለ የደገፈ የተመሰገነ ሥራ በጥብቅ ሙከራ ሲፈተን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ውጤት መሠረት ልዩነት አላመጣም። ይህን ውጤት መደበቅ አይገባም፤ ልንማርበት ይገባል እንጂ። ታማሚው የሚሸኝበት ቦታ ባዶ ከሆነ ሸኚ ብቻውን ምን ያደርጋል? ለዚህ ነው ከስልኩ ጥሪ ጋር «መድኃኒቱ አላችሁ?» የሚለውን ጥያቄ ያስቀደምኩት። መልሱ «የለንም» ከሆነ ሆስፒታሉ ያንኑ ቀን አውቆ የሁለት ወር ይሰጠዋል፣ ወይም ሌላ ጣቢያ ይፈልጋል። ከአሜሪካ ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ታማሚ የሚመለስባቸው ሆስፒታሎች ገንዘብ እንዲቀጡ ተደርጓል፤ በኋላ አንዳንድ አጥኚዎች በልብ ድካም የሚሞተው ሰው ጨምሯል አሉ፣ ሌሎች አልተቀበሉትም። ክርክሩ ባይዘጋም አደጋው ይታየኛል፦ መመለስን የሚቀጣ ደንብ በር ላይ የቆመውን ታማሚ ያስመልሳል። እኛ ልንጠይቅበት የሚገባው የታማሚው መመለስ ሳይሆን የት እንደደረሰ አለማወቅ ነው።

ሌላው ተቃውሞ የነፃነት ነው። አዋቂ ሰው ከሆስፒታል ወጥቶ ጠበል ቢገባ፣ ጀሶውን አስፈትቶ ወጌሻ ዘንድ ቢሄድ መብቱ ነው፤ መከታተል መቆጣጠር ይሆናል ይላሉ። መብቱ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ማወቅ ማስገደድ አይደለም። ጠበል ላይ ያለን ሰው ያለበትን የሚያውቅ ነርስ መድኃኒቱን እዚያው ሊያደርስለት ይችላል፤ የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ ሲመክሩ ሁለቱን ማጣላት እንደማያስፈልግ አሳይተዋል። የተሰበረ እግር በቀርከሃ ተጠፍሮ ደም ሲያጣ፣ ጣቶቹ መለወጣቸውን በጊዜ ያየ ሰው ካለ እግሩ ሊተርፍ ይችላል፤ በሳምንቱ ከሆነ የሚቀረው መቁረጥ ነው። ነፃነቱን የሚያከብርለት የትኛው ነው፤ ምርጫውን አውቆ አጠገቡ የሚቆመው ወይስ «ራሱ መረጠ» ብሎ የሚዘጋው?

ቤተሰብ አለ፣ ዕድር አለ፣ ጎረቤት አለ የሚለውን ደግሞ በአክብሮት ነው የምሰማው፤ ያለ እነሱ የኢትዮጵያ ሆስፒታል አንድ ቀን አያድርም። አስታማሚዋ ከአልጋው ሥር ወለል ላይ ተኝታ ታጎርሳለች፣ ታጥባለች፣ የጠፋውን መድኃኒት ከውጭ ፋርማሲ ለማግኘት ከተማውን ታዳርሳለች። ቁስሉ መቼ እንደሸተተ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንዳሳለው ከካርዱ ይልቅ እሷ ታውቃለች። ታዲያ ይህችን ሴት ስለ ቀሪው ሕክምና የምናነጋግራት በመውጫው ዕለት፣ ሒሳብ ለመክፈል ስትሯሯጥ፣ በአምስት ደቂቃ ነው። ትምህርቱ በተኛበት በመጀመሪያው ቀን መጀመር ነበረበት፤ ቁስል ማሸግን ዎርዱ ውስጥ በእጇ ሠርታ ልታሳይ ይገባ ነበር። ቤተሰብ የመጀመሪያው ተረካቢ ነው፤ ብቻውን የመጨረሻው ተረካቢ እንዲሆን መተው ግን ሸክምን ከተቋም ትከሻ ወደ ሴቶች ጀርባ ማዛወር ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ሥራ በዝቶባታል፤ ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር 16 የነበረው የፓኬጅ ብዛት አድጓል። ይሁን እንጂ በአንድ ቀበሌ በሳምንት ከሆስፒታል የሚወጣው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ስሙ ከደረሳት ቤቱን ታውቀዋለች።

በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ያለው ግጭት ይህን ሁሉ ከንቱ አያደርገውም? መንገድ ይዘጋል፣ አምቡላንስ ይቆማል፣ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር። እኔ ግን ከዚህ የምደመድመው በተቃራኒው ነው። መንገድ በሚዘጋበት ዘመን ከሁሉ የሚዋሸው ቃል በካርድ ላይ የተጻፈው «ከአንድ ወር በኋላ ጎንደር ተመለስ» የሚለው ነው። ተረካቢው በቀረበ ቁጥር የመንገዱ መዘጋት የሚያደርሰው ጉዳት ይቀንሳል፤ ለርክክብ የሚያስፈልገውም ኢንተርኔት ሳይሆን የድምፅ ጥሪና የወረቀት መዝገብ ነው።

የቀረው ክፍያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ የተስፋፋው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ለሆስፒታሉ የሚከፍለው በግቢው ውስጥ ለተሠራው ነው። ከሒሳቡ ጥቂቱ የተረካቢው መልስ እስኪደርስ ቢቆይ ሊያዞን ክፍሉ ወደ ታችም መደወል ይጀምራል። እዚህ ላይ የምፈራው አንድ ነገር አለ፦ ለሪፖርት ሲባል የሚሞላ ቅጽ በአገራችን ልማድ ሆኗል፣ «ደርሷል» የሚል ቃል ብቻውን ታማሚው ሳይታይም ሊጻፍ ይችላል። ስለዚህ መልሱ ያየ ሰው ብቻ የሚጽፈውን ይጠይቅ፦ የዛሬውን ክብደት፣ የዛሬውን የደም ግፊት፣ የቁስሉን ሁኔታ፣ በብልቃጡ የቀረውን ክኒን ብዛት፣ የሚቀጥለውን መርፌ ቀንና የሚወጋውን ሰው ስም። የክኒኑን ብዛት ለመጻፍ ነርሷ ብልቃጡን ከፍታ መቁጠር አለባት፤ ለመቁጠር ደግሞ ታማሚው ፊቷ መቀመጥ ይኖርበታል።